ማነቆው ላይ ያልተሰማ አይገባም

ሹፌር ከመሪው ኋላ ሲቀመጥ አፉ ይከፈታል፣ ጆሮው ይዘጋል። ይህን የሚያውቅ ሰው ቢኖር መለከት ናት። አባቷ ሹፌር፣ ታናሽ ወንድሟ ሹፌር፣ ላግባሽ ብለዋት የመለሰቻቸው ሦስቱም ሹፌሮች ናቸው። አንዳቸውም የተናገረችውን እስከ መጨረሻው ሰምቶ አያውቅም። ከሦስቱ አንዱማ እንቢ መባሉን ራሱ አልሰማም፤ በሳምንቱ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ "ታዲያ መቼ ይሁን?" እያለ መጣ።

መለከት የሚለው ስም የወጣላት መናኸሪያ ውስጥ የአውቶቡስ መነሻ ትጠራ በነበረ ጊዜ ነው። የመናኸሪያው ድምፅ ማጉያ ሠርቶ የሚያውቅበትን ቀን የሚያስታውስ የለም፤ ሲጮህም ማን ወዴት እንደሚሄድ አይለይም። እሱ በተበላሸ ቁጥር እሷ አግዳሚ ወንበር ላይ ወጥታ በጉሮሮዋ ትጠራለች። ተሳፋሪውም "ጎሽ፣ ዛሬ አሠሩት መሰለኝ፤ ድምፁ ጠራ" ይላል። የመናኸሪያው አስተዳደር ጉሮሮዋን ከቋሚ ንብረት መድቦ ይሁን ወይም ረስቶት፣ አዲስ ማጉያ ሳይገዛ ኖረ።

አባቷ የሞተው በግጭት አይደለም፤ በመገልበጥም አይደለም። በረሃው መሃል የመኪናው አክስል ተሰበረና ጥላው ሥር ቁጭ ብሎ ሰው ጠበቀ። ሰው አልመጣም። ያገኙት መንገድ ቀያሾች ናቸው፤ ጀሪካኑ ደርቆ፣ መኪናው ግን ከአክስሉ በቀር አንድ ነገር ሳይጎድለው። ከኮረብታው ጀርባ የውሃ ጉድጓድ ቁፋሮ ሠራተኞች ሰፍረው ነበር። እነሱ በርሜል ሙሉ ውሃ ይዘው ካርታ ይጫወታሉ፣ እሱ እዚህ ማዶ ምላሱ ይደርቃል፤ የለያቸው አንድ ኮረብታ ብቻ ነው። ጩኸት ኮረብታ አያልፍም። ድርጅቱ የሐዘን መግለጫ ላከ፦ "በሥራ ላይ እያሉ በድንገት።" በድንገት! ጥላ እየተከተለ፣ ከጎማ ወደ ጎማ እየተጎተተ በጥም የሞተን ሰው በድንገት ሞተ ለማለት ድርጅት መሆን ያስፈልጋል፤ የሰው አፍ አይደፍረውም።

መለከት መግለጫውን አንብባ ጨርሳ እናቷን አየቻት። እናቷ "ይመጣል" እያለች የሰነበተች ሴት ናት፤ አሁንም ከበሩ ላይ ዓይኗን አልነቀለችም። ያን ጊዜ መለከት ጥርሷን ነክሳ አንድ ነገር ያዘች፦ ከእንግዲህ ከዚህ ቤት የሚወጣ ሹፌር የት እንዳለ ሳይታወቅ አያድርም። ከዚያ ቤት የሚወጣ ሹፌር ደግሞ አልጠፋም። ታናሽ ወንድሟ ጢሙ በወጉ ሳይበቅል መንጃ ፈቃድ አወጣ፤ ውሎ አድሮም በዚያው ድርጅት የነዳጅ ቦቴ ያዘ። እናቷ አለቀሰች። መለከት አላለቀሰችም፤ መናኸሪያውን ትታ እዚያው ጭነት ማመላለሻ ድርጅት ስምሪት ክፍል ተቀጠረች። ወንድሟን መከልከል ካልቻለች መጠበቅ ትችላለች።

እንግዲህ ስለ መንገዱ። ከተማው ሜዳ ላይ ነው። ከሜዳው ማዶ ተራራ አለ፤ ከተራራው ኋላ ያ በረሃ። መንገዱ ተራራው ወገብ ላይ ሲደርስ ይጠባል፤ በአንዱ ጎን ዐለት፣ በሌላው ጎን ገደል፣ መሃሉ አንድ ከባድ መኪና ያሳልፋል፣ ሁለት አያሳልፍም። ሹፌሮቹ ማነቆ ይሉታል። በደጉ ጊዜ ሹፌር ማነቆው አፍ ላይ ክላክስ አስጩሆ ይገባ ነበር፤ ንፋሱ ጩኸቱን ወስዶ ለገደሉ ይነግረዋል። ሁለት መኪና መሃል ላይ ከተፋጠጠ ጭነቱ የቀለለው ወደኋላ ይመለስ የሚል ደንብ ነበራቸው። ዓለም ላይ ግን ጭነቱ የቀለለ ሹፌር የለም። ባዶውን የሚሄደው እንኳ ደረቱን ነፍቶ "ኃላፊነት ተሸክሜያለሁ" ይላል። ገደሉ ሥር የዛገው ብረት ሁሉ ኃላፊነት ነው።

ሬዲዮ የመጣው ለሹፌር ነፍስ ታስቦ እንዳይመስላችሁ። ነዳጅ የሚያስጭነው ደንበኛ "መገናኛ ሬዲዮ የሌለው ቦቴ የእኔን ነዳጅ አይነካም" ስላለ ነው። ሥራ አስኪያጁ በአንድ ሌሊት ተራማጅ ሆነ። ሥራውን ጨርሶ ከሚሄድ የመንገድ ተቋራጭ ያገለገሉ ሬዲዮዎች ተገዙ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ ስለ ዘመናዊነት፣ ስለ ራእይና ስለ ግንባር ቀደምነት ንግግር ተደረገ። ይህ ሁሉ ስለ ሬዲዮ ሲነገር በሬዲዮ የተነገረ አንድ ቃል አልነበረም። በየጋቢናው አንድ አንድ ተገጠመ፤ ዋናው፣ ከሁሉም ጋር የሚያገናኘው፣ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ መደርደሪያ ላይ ከዋንጫዎቹ አጠገብ ዳንቴል ለብሶ ተቀመጠ።

መለከት ገብታ ቆመች።

"ጋሼ፣ ይሄ ዕቃ ለጌጥ ነው?"

"የድርጅቱ ንብረት ነው። ይጠበቃል።"

"ከማን? ከሹፌሮቹ?"

"ኮሚቴ ይቋቋምና አጠቃቀሙ ይጠናል።"

"ኮሚቴው እስኪያጠና ማን ይሞታል?"

"ሴትዮ፣ በር ዝጊልኝ!"

በሩን ዘጋችለት፤ ከውስጥ። በማግሥቱም መጣች፣ በማግሥቱም። ሻይ ሲጠጣ ትገባለች፣ እንግዳ ሲቀበል ትገባለች፣ ጫማውን አውልቆ እግሩን ሲያሻሽ ትገባለች። በመጨረሻ ሰውዬው "ውሰጂልኝ! ወስደሽ አናትሽ ላይ ትከይው!" አለ። ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ሬዲዮው ክንዷ ሥር ነበር፤ ዳንቴሉ ሳይቀር።

በያጁ ከግቢው የውሃ ማማ ላይ ምሰሶ አቆመላት፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው አንቴናውን ሰቀለ። ስምሪት ክፍሉ ጠባብ ናት፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የተሰበረ መስታወቱ በካርቶን የተተካ መስኮት፣ አንድ እግሩ በታጠፈ ወረቀት የተደገፈ ወንበር። ግድግዳው ላይ ታርጋ ጸሐፊው መንገዱን በቀለም ሣለላት፤ ከግቢው በር ተነስቶ ሜዳውን አቋርጦ፣ ማነቆውን አልፎ በረሃው ውስጥ የሚጠፋ። መንገዱ ላይ ምስማሮች አሉ። እያንዳንዱ መኪና የለስላሳ ቆርኪ አለው፤ ሹፌሩ በሬዲዮ "እዚህ ደርሻለሁ" ባለ ቁጥር ቆርኪውን ከምስማር ወደ ምስማር ታዛውራለች። የወንድሟ ቆርኪ ሰማያዊ ነው። ቆርኪው ከአንድ ምስማር ላይ ካልተነቃነቀ ምሳዋ ከጉሮሮዋ አይወርድም።

ሕጉን ለሹፌሮቹ የነገረቻቸው ግቢው ውስጥ አሰልፋ ነው። "ማን እንደሆንክ፣ የት እንዳለህ፣ ምን እንደጫንክ፣ ትወጣለህ ወይስ ትወርዳለህ። ይሄን ትልና ጣትህን ከቁልፉ ላይ ታነሳለህ። ጣትህ ካልተነሳ ሌላው አይሰማም። ማነቆው አፍ ላይ ስትደርስ ትጠይቃለህ። ግባ ከተባልክ ትገባለህ። መልስ ከሌለ ትቆማለህ።"

"ሬዲዮው ቢበላሽስ?" አለ ወንድሟ፣ ጓደኞቹን በክርኑ እየጎሸመ።

"ትቆማለህ።"

"እስከ መቼ?"

"ሌላ መኪና በዓይንህ አይተህ፣ ሹፌሩን በአፍህ እስክታናግር።"

"እዚያ ላርጅ እንዴ፣ እትዬ?"

"አርጅ። ሽማግሌ ወንድም ይሻለኛል።"

ሳቁ። የመጀመሪያዎቹ ወራት ሬዲዮው የሠርግ ቤት ነበር። አንዱ ያፏጫል፣ አንዱ የኳስ ውጤት ያሰማል፣ አንዱ በረሃ መሃል ሆኖ "መለከት፣ ዛሬ ምሳ ምን በላሽ?" ይላታል። "ያንተን ወሬ። ጠግቤያለሁ፤ አሁን የት ነህ?" ትለዋለች። የት እንዳለ ሳይናገር አትለቀውም። "ሥራ አስኪያጁ ይሰማናል" ብለው ሬዲዮውን የሚያጠፉም ነበሩ። በእነዚህ ላይ ዘበኛውን አዘዘችባቸው፤ ከጋቢናው ሆኖ በሬዲዮ ያላናገራት መኪና የግቢው በር አይከፈትለትም። ሲሰድቧት ትሰማለች፣ ሲያባብሏት ትሰማለች፣ በሩ ግን እንደተዘጋ ነው። ቀስ በቀስ መስማት ለመዱ። ከተራራው ኋላ ያለው ድምፁ ካልደረሰ፣ ወዲህ ያለው ተቀብሎ ያቀብላታል፤ "ከበረሃው ጎማ የፈነዳበት አለ፣ ውሃ አለው፣ ሰላም ነው ብሏል።" እንዲህ ያለ ነገር በሰማች ቁጥር መለከት "ተቀብያለሁ" ትልና ለአፍታ ወደ ጣሪያው ታያለች። ከዚያ ቆርኪውን ታንጠለጥላለች።

ያልለመደ አንድ ሰው ነበር፤ የሹፌሮች ማኅበር ሊቀመንበር። ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ "ሹፌሩ ድምፅ ያስፈልገዋል!" እያለ ሲጮህ የኖረ ነው። ድምፅ ሽቦ ተቀጥሎለት፣ ቁልፍ ተደርጎለት ጋቢናው ድረስ ሲመጣለት ጠላው። "ማለፊያ መጠየቅ የጭቁን ሥነ ልቦና ርዝራዥ ነው" አለ። ማኅበሩን ሰብስቦ ባለ ብዙ ነጥብ የአቋም መግለጫም አወጣ፤ የመጨረሻው ነጥብ "ማነቆው እኛን ይጠይቅ እንጂ እኛ ማነቆውን አንጠይቅም" የሚል ነበር። ተጨበጨበለት። ጋቢናው ቬልቬትና ዘርፍ የለበሰ ሳሎን ነው፤ የሬዲዮው ማይክ የሚሰቀልበት መንጠቆ ላይ የፕላስቲክ አበባ ስላንጠለጠለበት ማይኩ ወንበሩ ትራስ ላይ ይንከባለላል። መለከት ሁለት ሦስት ጊዜ ነገረችው።

"ጋሼ፣ ያ ማይክ ቦታው ላይ ይሰቀል።"

"አበባው የት ይሂድ፣ ልጄ?"

"ገደል።"

"ክፉ ነሽ!" ብሎ ሄደ፤ አበባውም አብሮት።

በዚያ ሰሞን ሥራ አስኪያጁ ማስታወቂያ ለጠፈ። "ያለ በቂ ምክንያት መንገድ ላይ የሚቆም ሹፌር ከመሪው ይነሳል።" ደንበኛው ነዳጁ ዘገየ ብሎ ጮሆበት ነበር። ወንድሟ ባለፈው ጉዞ ማነቆው አፍ ላይ መልስ ሲጠብቅ አርፍዶ "ሌላ ጊዜ ከደገምክ ቦቴውን ታስረክባለህ" ተብሏል። እሱም ሲወጣ በመስኮቷ ብቅ ብሎ "እትዬ፣ አንቺ ቁም ትያለሽ፣ እሱ ሂድ ይላል፤ እኔ ማንን ልስማ?" አላት። "ማነቆውን ያየውን ሰው" አለችው። ሥራ አስኪያጁ ማነቆውን በፎቶ እንጂ በእግሩ አያውቀውም። ወንድሟ ግን ከንፈሩን ነክሶ ሄደ፤ አዎ አላለም፣ እንቢም አላለም።

ነገሩ የሆነው በተመለሰበት ቀን ነው። ፀሐይ ሞቋል፣ የካርቶኗ መስኮት ትኩስ አቧራ ትተፋለች። ሊቀመንበሩ ጠዋት ባዶ ተሳቢውን ይዞ ከግቢው ወጥቷል፤ በሩ ላይ እንደምንም በሬዲዮ አንድ ቃል ተናግሮ። ከዚያ የወንድሟ ድምፅ ከተራራው አናት እየተንኮሻኮሸ መጣ። "ቦቴ ነኝ። ሙሉ ጭነት። ወራጅ ነኝ። ወደ ማነቆው እየተጠጋሁ..."

ተቆረጠ። በቦታው የሞተር ጉርምርምታ ገባ። ቀጥሎ ዘፈን። ከዘፈኑ በኋላ ሳል፤ የሊቀመንበሩ ሳል።

"ጋሼ፣ ጣትዎን ያንሱ" አለች መለከት ቁልፉን ተጭና። ዘፈኑ ቀጠለ። "ጋሼ!" የሚሰማት የለም። ማይኩ ትራሱ ላይ ተንከባሎ ሰውዬው ላዩ ላይ ተቀምጧል፤ ቁልፉ ጭኑ ሥር ተጨፍልቋል። አንድ ሰው ቁልፍ ላይ ሲቀመጥ መንገዱ ሁሉ ዲዳ ይሆናል። ማንም ለማንም አንድ ቃል ማቀበል አይችልም፤ ሁሉም የሊቀመንበሩን ጋቢና ብቻ ይሰማል። ተራራው አናት ላይ ደግሞ፣ ዐለቱ ስለሚጋርደው፣ ያም እንኳ አይሰማም፤ ድፍን ጩኸት ብቻ ነው። ይህን ታውቃለች፤ ሹፌሮቹ ብዙ ጊዜ ነግረዋታል።

"ያቺ መለከት" አለ ሊቀመንበሩ ለረዳቱ። ረዳት ቢባልም ከእሱ በዕድሜ የሚበልጥ፣ አብሮት ያረጀ ሰው ነው። "ያቺ መለከት ባል ብታገባ ሰውዬው መኝታ ቤት ሲገባ 'የት ደረስክ፣ ምን ጭነሃል' ትለው ነበር።"

ረዳቱ እስኪያስለው ሳቀ። መለከት ጆሮዋ እስከ ጫፉ ቀላ፤ ግን ሬዲዮውን አልዘጋችም። የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ የት እንዳሉ።

"ጎሚስታው ጋ ሻይ ባንጠጣ ይሻል ነበር፤ ሆዴን ነፋኝ" አለ ረዳቱ።

ጎሚስታው ያለው ተራራው ሥር ነው፤ የመጨረሻው ቤት። ከዚያ በላይ ማነቆው ብቻ አለ። አንዱ ከላይ ሙሉ ነዳጅ ይዞ ሊወርድ ነው፤ አንዱ ከታች ሳይጠይቅ ሊወጣ ነው።

በመስኮቱ ብቅ ብላ መካኒኩን ጠራችው፤ ግቢው ሁሉ ዞረ። "ሞተር ሳይክሉን ይዘህ ተራራው ሥር ብረር! የሊቀመንበሩን መኪና አስቁመው! ደረስክበት አልደረስክበት አትመለስ!" ሰውዬው እጁን እንኳ ሳይጠርግ ተነሳ። እንደማይደርስ ሁለቱም ያውቃሉ። ቢሆንም ሄደ፤ እሷም ላከችው።

ያን ጊዜ ነው ሥራ አስኪያጁ የገባው። "ቦቴው የት ነው? ደንበኛው ስልክ ላይ ነው፤ ጆሮዬን በላው!"

"ማነቆው አፍ ላይ።"

"ታዲያ ምን ይጠብቃል? ግባ በይው!"

መልሱን የሰጠው ሬዲዮው ነው። "ሥራ አስኪያጃችን ማለት" አለ ሊቀመንበሩ፣ ተመችቶት፣ "ሆዱ ቢሮ ከገባ በኋላ ነው እሱ የሚደርሰው። በመሃል ላለው ጊዜ ደመወዝ የሚከፈለው ለሆዱ ነው።"

ሥራ አስኪያጁ ሆዱን አየ። ከዚያ መለከትን አየ። "ዝጊው!"

"አልዘጋም።"

"ዝጊው አልኩ!"

"ይሄን ከዘጋሁት መጋጨታቸውን እንኳ አልሰማም።"

ነገሩ ሰውዬውን ያኔ ነው የገባው። ከቀላው ፊቱ ላይ ደሙ ቀስ እያለ ወረደ፤ በወረቀት የተደገፈው ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ወንበሩም ተንጋደደ። ሌላ ቃል አልተናገረም፤ ይህም በሥራ ዘመኑ ካደረጋቸው ጠቃሚ ነገሮች አንዱ ነው።

ሬዲዮው ውስጥ ማርሽ ተቀየረ። ሞተሩ ድምፁን አከበደ፤ ዳገቱን ጀመረ። ዘፈኑ ተመለሰ። መለከት ቁልፉን በየጥቂቱ ትጫናለች፤ "ማነቆው ተይዟል፣ ቁም። ማነቆው ተይዟል፣ ቁም።" ለማን እንደምትናገር ታውቃለች፣ እንደማይሰማትም ታውቃለች። ጣቷን ስታነሳ ያው ዘፈን ነው። ሰማያዊው ቆርኪ ከማነቆው አፍ በላይ ያለው ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል፤ እሷ ልታንቀሳቅሰው አትችልም፤ የሚያንቀሳቅሰው እሱ ብቻ ነው። ወንድሟን አሰበችው፤ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ፣ ሬዲዮው የሚጮህበት፣ ያ ማስታወቂያ አናቱ ላይ የተለጠፈበት። ይኸኔ "እትዬ ደግሞ ነገር ታበዛለች" ብሎ ፍሬኑን ለቆ ቢሆንስ? ደግሞ ልጅ ሆኖ ለአንድ ነገር "እንቢ" ሲል ከንፈሩን ነክሶ ዝም እንደሚል አሰበች፤ አዎ ሲልም እንደዚያው ነበር።

የሊቀመንበሩ ጎማዎች ጠጠር ሲያደቁ ይሰማል። ዐለቱ የሞተሩን ድምፅ መልሶ ይወረውረዋል፤ ማነቆው ውስጥ ገብተዋል። ዘፈኑ ቆሟል። ስምሪት ክፍሉ በር ላይ ሹፌሮች፣ በያጁ፣ ዘበኛው ተሰብስበዋል። ሁሉም ግጭቱን በጆሮው ሊሰማ ቆሟል።

"እንዴ!" አለ ሊቀመንበሩ።

ፍሬን ጮኸ። የፍሬኑ አየር ተነፈሰ። ጸጥ አለ። መለከት ዓይኗን አልጨፈነችም፤ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዛ ተናጋሪውን አፍጥጣ አየችው።

የጋቢና በር ተከፈተ። ከሩቅ፣ በንፋስ መሃል፣ የወንድሟ ድምፅ መጣ። "ጋሼ! እብድ ነዎት እንዴ? ሳይጠይቁ ነው የሚገቡት?"

"አንተስ እዚህ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለህ ምን ትሠራለህ?"

"ሬዲዮው ሲጮህብኝ ቆምኩ! ካልሰማህ ቁም ተብያለሁ፣ ቆምኩ! የእርስዎ ሬዲዮ የት አለ?"

"ይኸው እዚህ... የት ሄደ? አሁን እዚህ ነበር።"

"ሽቦው ከሥርዎ ነው የሚወጣው! ይነሱ! ከማይኩ ላይ ይነሱ፣ ጋሼ፤ አገር ሙሉ እየሰማዎ ነው!"

"ወይኔ ጉዴ! ምን ብያለሁ?" አለ ሊቀመንበሩ፤ ይህንም አገር ሙሉ ሰማው። ከዚያ ጠቅ የሚል ድምፅ፣ መንገዱም ነፃ ወጣ።

በሩ ላይ ያለው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ፤ የሚያለቅስም ነበረበት። መለከት አልሳቀችም። ትንሽ ቆይቶ የወንድሟ ድምፅ በራሱ ሬዲዮ መጣ። "እትዬ፣ ትሰሚኛለሽ? አለሁ። እዚህ ነኝ።"

ቁልፉን ተጫነች። ጉሮሮዋ፣ ያ መናኸሪያ ሲያስተጋባ የኖረ ጉሮሮ፣ አልታዘዝ አላት። ጠረገችው። "ማን እንደሆንክ አልተናገርክም" አለች። "ድገም።"

"ቦቴ ነኝ" አለ እየሳቀ፣ ወይም እያለቀሰ። "ሙሉ ጭነት። ማነቆው አፍ፣ ከላይ። ወራጅ ነኝ። ልግባ?"

"ሊቀመንበሩ ጠቅልለው ወጥተዋል?"

"ወጥተዋል። አጠገቤ ናቸው። ላብ በላብ ሆነዋል።"

"ግባ።"

በማግሥቱ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ሹፌሮቹን ስምሪት ክፍሉ ደጃፍ ሰበሰበ። ሌሊቱን እንቅልፍ እንዳጣ ያስታውቃል። የተሰደበው የሆዱ ነገር እንዳይነሳበት ፈራ፤ ሆዱን ካነሳ መስማቱን ማመን ነው። ስለዚህ ንዴቱን የሚያራግፍበት ፈለገና ቦቴውን አገኘ። ደንበኛው ነዳጁ ከሰዓቱ አልፎ ስለገባ ዝቷል፤ ሹፌሩ መንገድ ላይ ቆሟል፤ ማስታወቂያው ግልጽ ነው፤ ቁልፉን ያስረክባል። ወንድሟ አንገቱን ደፍቶ ኪሱ ውስጥ ያለውን ቁልፍ ይዳብሳል። ያ ቦቴ እንጀራው ነው፤ የእናታቸውም።

መለከት ከጠረጴዛዋ ሳትነሳ በመስኮቱ ተናገረች። "እሱ አልቆመም። እኔ ነኝ ያቆምኩት። መቆሙ ጥፋት ከሆነ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ። ነገም የቆመ ካለ እኔ አቁሜው ነው።"

"አንቺ በደብዳቤ ትጠየቂያለሽ!"

"ይጠይቁኝ። ደብዳቤው እስኪደርሰኝ ሁሉንም አቆማለሁ።"

ከኋላ አንድ ጉርምርምታ ተሰማ፣ ሰልፉም ለሁለት ተከፈለ። ሊቀመንበሩ ነው። ይህ ሰው ሲናገር ክንዱን ወደ ሰማይ የሚወረውር ነበር፤ ዛሬ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው። "ተሳስተሃል፣ አቶ ሥራ አስኪያጅ" አለ። "ቦቴውን ያቆምኩት እኔ ነኝ።"

"አንተ ደግሞ እንዴት አድርገህ?"

"ተቀምጬ።"

ሰልፉ በሳቅ ተናጋ። ሊቀመንበሩ አልሳቀም። "በሥራ ዘመኔ ብዙ ነገር ተቀምጬ አቁሜያለሁ፤ ስብሰባ አቁሜያለሁ፣ ጭነት አቁሜያለሁ። ነዳጅ በቂጤ ሳቆም ግን የመጀመሪያዬ ነው። ልጁ ባይቆም ኖሮ እኔ፣ ይሄ ሽማግሌ ረዳቴና እሱ ዛሬ ገደሉ ሥር እንጋገር ነበር፤ አንተም የሐዘን መግለጫ ትጽፍልን ነበር። በቂ ምክንያት የምትፈልግ ከሆነ ይኸው፣ ቆሜልሃለሁ፤ እየው።" ከኪሱ ቁልፉን አውጥቶ የመለከት መስኮት ላይ አኖረው። "የእሱን የምትወስድ ከሆነ የእኔም እዚህ ነው።"

አንድ ሌላ ሹፌር መጥቶ ቁልፉን ከጎኑ አደረገ። አንዱ ደግሞ ኪሱን ዳበሰ፣ አሰበ፣ ተወው፤ ሦስተኛው ግን አስቀመጠ። የአቋም መግለጫ አልወጣም፣ የጨበጨበም የለም። ያ ሁሉ ዓመት "ትግል፣ ትግል" ሲባል የኖረበት ግቢ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም፤ ምን ብሎ እንደሚጠራው እንኳ ግራ ገባው።

ሥራ አስኪያጁ ቁልፎቹን አየ። ዛሬ የሚወጣውን ጭነት በሐሳቡ አየ፤ ቀጥሎ ደንበኛውን። "እንግዲህ..." አለ፣ "ጉዳዩ ከተለያየ አቅጣጫ ሲታይ... በዚህ ጊዜ ብቻ፣ ልጁ በቦታው ይቀጥል። ነገር ግን ይህ ማለት ማንም እንደፈለገ ይቆማል ማለት አይደለም! ድርጅቱ አሠራር አለው! እኔ እዚህ ያለሁት..."

ከመስኮቱ ውስጥ ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ። ከተራራው ሥር የተነሳ ድምፅ ነው፤ ቃላቱ በሥራ አስኪያጁ ጩኸት ተውጠው አይለዩም። መለከት ወደ ተናጋሪው ጎንበስ ብላ አንድ እጇን በመስኮቱ አወጣች፤ መዳፏን ዘርግታ፣ በቀጥታ ወደ እሱ።

"ዝም ይበሉልኝ፣ ጋሼ" አለች። "ሰው እየጠራ ነው።"

ሥራ አስኪያጁ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ግቢው ሁሉ ፀጥ አለ፤ ዘበኛው ሳይቀር ትንፋሹን ዋጠ። መለከትም ቁልፉን ተጫነች።

"ተቀብያለሁ። ማነቆው ነፃ ነው። ማን ነህ፣ ምን ጭነሃል?"